ማይክል ኦዶናሁ፦ ከመጽሔት እስከ ቴሌቪዥን

ማይክል ኦዶናሁ አሜሪካዊ የምፀት ኮሜዲ ጸሐፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 በኒው ዮርክ ግዛት ተወለደ። በ1960ዎቹ ኤቨርግሪን ሪቪው በተባለ መጽሔት ላይ በሥዕል የሚተረክ ተከታታይ ታሪክ ጽፏል።

ስሙ የገነነው ግን ናሽናል ላምፑን በተባለ የቀልድ መጽሔት ነው። መጽሔቱ በ1970 ሲጀመር ከቀደምት ጸሐፊዎቹ አንዱ ነበር። የሚያሾፈው ሌላው ሰው ፈርቶ በሚያልፈው ነገር ላይ ነው። አንዴ ወላጆች የልጃቸውን የመጀመሪያ ጥርስና እርምጃ የሚመዘግቡበትን ያማረ ማስታወሻ ወሰደና ለቬትናም ሕፃን አዘጋጀው። የሚመዘገበው የጦርነት ቁስል ሆነ። ሳቅህ አፍህ ላይ ይደርቃል። እሱም የፈለገው ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ የመጽሔቱን የሬዲዮ ዝግጅት ሠራ።

ጥቅምት 11 ቀን 1975 (በእነሱ አቆጣጠር) ሳተርዴይ ናይት ላይቭ የተባለው የኮሜዲ ፕሮግራም በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ሲጀመር፣ የመጀመሪያውን ጭውውት ከኮሜዲያኑ ጆን ቤሉሺ ጋር የተወነው እሱ ነው። ኦዶናሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ቤሉሺ ደግሞ ቋንቋውን የሚማር መጤ ሆነዋል። አስተማሪው «የጣቶችህን ጫፍ ለወልቨሪኖች ማብላት እፈልጋለሁ» ይላል። ወልቨሪን የዱር አውሬ ነው። ተማሪው ቃል በቃል ይደግማል። ድንገት አስተማሪው ልቡን ይዞ ወደቀ። ተማሪው ትንሽ አሰብ አደረገና እሱም ልቡን ይዞ ተዘረረ! ከዚህ የተሻለ መክፈቻ ለማንም ፕሮግራም አልተጻፈም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ብዙዎች የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ ይሉታል። በ1976 እና በ1977 ቡድኑ ካገኘው የኤሚ የቴሌቪዥን ሽልማት ተካፍሏል። በፕሮግራሙ ላይ ይቀርቡ ለነበሩት አሻንጉሊቶች፣ ለመፔቶች፣ ግን አልጽፍም ብሎ ድርቅ አለ ይባላል።

ቴሌቪዥን ሁሌም አልተመቸውም። በ1979 የሠራውን ዝግጅት ኤንቢሲ አላስተላልፍም ስላለ ሥራው ሲኒማ ቤት ገባ። በ1981 ሳተርዴይ ናይት ላይቭን እንዲያድን ተመልሶ ተጠራ። ጸሐፊዎቹን ሰብስቦ የጎደላችሁ ይህ ነው አለና ግድግዳው ላይ በሚረጭ ቀለም «አደጋ» ብሎ ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ ተባረረ።

በ1988 ከሚች ግሌዘር ጋር ስክሩጅድ የተሰኘውን ፊልም ጻፈ። የሚገርመው፣ ዘፋኟ ዶሊ ፓርተን በ1982 ያወጣችውን አንድ የካንትሪ ዘፈን የደረሰውም ይኸው ክፉ ቀልደኛ ነው። ለረጅም ዓመታት ማይግሬን ያሠቃየው ነበር። በ1994 አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ በ54 ዓመቱ አረፈ።