«ዕድሜ ጠግበዋል» አትበሉ

ለዘላለም መኖር ጥሩ ነው ወይ የሚል ጨዋታ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ቀድሞ ይመልሳል፦ «ጃጅቶ ለመኖር? ይቅርብኝ!» እኔ ነርስ ነኝ፤ አብዛኛው የሥራ ዘመኔ ያለፈው ከአረጋውያን ጋር ነው። ይህ መልስ በጣም ሰልችቶኛል። ከጀርባው ብዙ ስህተት አለ።

«ድሮ ሰው በ35 ዓመቱ ነበር የሚያረጀው።» አይደለም። አማካይ ዕድሜውን በዋናነት ያወረደው የሕፃናት ሞት ነው። አንዱ ልጅ ሳይጠመቅ ቢሞት፣ ሌላው 70 ቢሞላው፣ አማካዩ 35 ነው። በ35 ዓመቱ የሞተ ግን የለም። መዝሙረ ዳዊትም ያኔውኑ 70፣ ቢበረታም 80 ይላል።

«እርጅና ከቆመ ሞት ይቀራል።» አይቀርም። መኪናም ይገጫል፣ ኢንፌክሽንም ይገድላል። እርጅና የመሞትን ዕድል ያሳድጋል፤ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ በየ8 ዓመቱ በግምት እጥፍ ይሆናል።

«ረጅም ዕድሜ ረጅም በሽታ ነው።» በ1997 እ.ኤ.አ. በ122 ዓመታቸው ያረፉት ፈረንሳዊቷ ዣን ካልማን 110 ሊሞላቸው እስኪቃረብ ድረስ በራሳቸው ቤት ነበር የሚኖሩት።

«ይሰለቻል።» እኔ አልጋ ላይ ባሉ ታካሚዎቼ የማየው መሰልቸት የሚመጣው ከሚያናግር ሰው እጦት ነው። እሱ ደግሞ በ25 ዓመትም ይመጣል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ሽማግሌ መኖር ሰልችቶታል፤ ዕድሜ ጠግቧል» የሚባለው።

አንዲት እናትን ልጃቸው ይዟቸው መጣ። ምግብ እምቢ ብለዋል። ቀኑን ሙሉ «ምነው ጌታ በወሰደኝ» ይላሉ። ልጁ እዚያው አጠገባቸው ቆሞ «ሲስተር፣ እሷ እኮ ዕድሜ ጠግባለች» አለኝ። እሳቸው እየሰሙ! ስመረምራቸው ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ቤተ ክርስቲያን መሳለም ትተዋል። ጎረቤት ቡና ሲጠራቸው ደረጃው ላይ እንዳይወድቁ ፈርተው ይቀራሉ። ይህን ሁሉ ቤተሰቡ «ዕድሜ ነው» ብሎ አልፎታል። በአገራችን ትልቁ የዓይነ ስውርነት ምክንያት ሞራ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ደግሞ ይነሳል። ተነሳላቸው። ለክትትል ሲመጡ የልጅ ልጃቸው ሠርግ ስንት ቀን እንደቀረው እየቆጠሩ ነበር።

እኚህ ሴት መኖር አልጠሉም። ማየት አለመቻልን ነው የጠሉት። በጤና አንድ ዓመት ቢጨመርልዎ ብዬ ጠይቄ እምቢ ያሉኝ አረጋዊ እስካሁን አላጋጠሙኝም። በምድር ላይ ለዘላለም መኖር ትፈልጊያለሽ ወይ ብትሉኝ፣ በእምነቴ የምጠብቀው ሌላ ሕይወት ስላለ አልመኘውም። ይህ ግን የ78 ዓመት ሰው ሕክምና ሲያስፈልጋቸው «ይበቃቸዋል» የሚያስብል ምክንያት አይሆንም።

ስለዚህ አባታችሁ «ሞት ይሻለኛል» ሲሉ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ዓይናቸውን፣ ጆሯቸውን፣ ጥርሳቸውን አስመርምሩ። ሽንት እያመለጣቸው አፍረው እንደሆነ ለብቻቸው ጠይቋቸው፤ ብዙዎቹ ከቤት መውጣት የሚተዉት በዚህ ነው። እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ድብርት በ80 ዓመትም ይታከማል። የሚወስዱትን መድኃኒት፣ የባህሉንም ጭምር፣ በፌስታል ሰብስባችሁ አምጡልን፤ አንዱ ከሌላው ጋር ተጋጭቶ የሚያደክማቸው ጊዜ ብዙ ነው። ምርመራ ክፍል ስትገቡ ደግሞ ሕመሙን ራሳቸው ይንገሩን። እናንተ የረሱትን ብቻ ጨምሩ።