18 ደረጃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ የዛሬውን ትምህርት የምጀምረው ከራሴ ኃጢአት ነው።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ነው። አንድ ቅዳሜ ሌሊት ከጣሪያዬ ውሃ ሲንጠባጠብ ነቃሁ። ሶፋው ረጥቧል፣ ምንጣፉ ርሷል። በዚያው ንዴት ጣሪያውን ፎቶ አንስቼ የብሎካችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩትና ከሥሩ «ሦስተኛ ፎቅ ያላችሁ፣ ቤታችን የእናንተ መታጠቢያ ነው እንዴ?» ብዬ ጻፍኩ። ስም አልጠራሁም። መጥራትም አያስፈልግም ነበር፤ ከእኔ በላይ ማን እንደሚኖር ብሎኩ በሙሉ ያውቃል።

ሲነጋ ስልኬን ስከፍት ግሩፑ ጦፏል። አንዱ የፓምፕ መዋጮ ያልከፈለው ማን እንደሆነ ያነሳል፣ ሌላዋ ስለ ደረጃ ጽዳት ትቆጣለች፣ አንድ ወንድም ደግሞ «ድሮም እነዚህ ሰዎች» ብሎ ነገሩን ወደ ዘር ወሰደው። ከአንድ የረጠበ ጣሪያ ተነስተን ሳይነጋ እዚያ ደረስን። እኔም የሚደግፈኝን መልእክት ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። እያፈርኩ ነው የምነግራችሁ።

ነጠላዬን ለብሼ ልደታ ማርያም ለማስቀደስ ሄድኩ። ከጸሎተ ሃይማኖት በኋላ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» አለ፤ በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለት ነው። ከፊቴ የቆሙ እናት ዞር ብለው፣ ፈገግ ብለው እጅ ነሱኝ። የላይኛዋ ጎረቤቴ ናቸው። ምንም አያውቁም። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው፤ ግሩፑ ውስጥ የሉም። ሌሊቱን ሙሉ ስናማቸው ያደርነው በሌሉበት ነው።

እኔም ጎንበስ አልኩ። ልቤ ግን የት እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ጌታችን «በመሠዊያው ፊት መባህን ትተህ ሂድ፥ አስቀድመህም ከወንድምህ ጋር ታረቅ» ያለው ለእኔ ነበር (ማቴ. 5፥24)። ያን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ነገር ግን «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» የሚለውን ልብ አላልኩትም ነበር። እንዲሄድ የታዘዘው በዳዩ ነው።

ቅዳሴው ሲያልቅ ቅጽሩ ውስጥ አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። «ጣሪያሽ ረጠበ? ውይ በሞትኩት!» አሉ መጀመሪያ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው «ምነው ልጄ፣ ብታንኳኪኝስ?» አሉኝ።

እንጀራ ጋግረው ለሱቅ ያስረክባሉ። ውሃ ካልያዙ የነገ ሊጥ የለም። ስለዚህ ቧንቧውን ከፍተው፣ ባዶ ባልዲ ከሥሩ አስቀምጠው ይተኛሉ፤ ውሃው መጥቶ ባልዲውን ሲመታ ድምፁ ይቀሰቅሳቸዋል። ያን ሌሊት ድካሙ በርትቶባቸው አልሰሙም። በቃ ይኸው ነው።

«ብታንኳኪኝስ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ከእኔ በር እስከ እሳቸው በር 18 ደረጃ ነው፤ ያን ቀን ስመለስ ቆጠርኩት። እኔ 18 ደረጃ ከመውጣት ይልቅ ብሎኩን በሙሉ መቀስቀስ ቀለለኝ።

ወገኖቼ፣ ጌታ ስለ ጎረቤትና ስለ ወንድም ሲናገር ስንት ጊዜ «ሂድ» እንደሚል አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? መባህን ትተህ ሂድ። ወንድምህ ቢበድልህ «ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» (ማቴ. 18፥15)። ራሱን ሊያጸድቅ ወድዶ «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ላለው ሕግ አዋቂም የሳምራዊውን ታሪክ ከነገረው በኋላ «ሂድ፥ አንተም እንዲሁ አድርግ» አለው። ካህኑም ሌዋዊውም የቆሰለውን ሰው አይተውታል፤ ሳምራዊው ግን ወደ እርሱ ቀረበ። እኛም በስልካችን እናያለን። ፎቶ አንስተን እንልካለን እንጂ አንቀርብም።

የማቴዎስ 18ን ቅደም ተከተል ተመልከቱ። መጀመሪያ ብቻህን ትሄዳለህ። ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ትመለሳለህ። ለጉባኤ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን ከሦስተኛው እንጀምራለን፤ የመጀመሪያውን ጭራሽ አናውቀውም። ዓላማውም ተገልብጦብናል፤ ጌታ «ቢሰማህ ወንድምህን ገንዘብ አደረግኸው» ይላል፣ እኛ ደግሞ ክርክሩን ገንዘብ አድርገን ጎረቤታችንን እንከስራለን።

«እኔ አልጻፍኩም፣ ያነበብኩት ብቻ ነው» የምትሉም አላችሁ። እስጢፋኖስ ሲወገር ሳውል ድንጋይ ወረወረ የሚል አናነብም፤ የወጋሪዎቹን ልብስ ነው የጠበቀው። ጳውሎስ ሆኖ እንኳ ያንን አልረሳውም (ሐዋ. 22፥20)። በሰው ስድብ ሥር የምናስቀምጣት የሳቅ ምልክት ልብስ መጠበቅ ናት።

ግሩፑን ዝጉት አልልም። ለቅሶ የምንሰማው፣ «ውሃ መጣ» የምንባባለው፣ የጠፋ ልጅ የምንፈልገው በእሱ ነው። ሰውን ለመገሠጽ ግን በር አለ። እኛ ልደታዎች ደግሞ ይህን ልንረሳ አይገባንም። ግንቦት 1 ቀን እመቤታችን በሊባኖስ ተራራ ተወለደች ብለን ንፍሮ ቀቅለን፣ ቡና አፍልተን፣ ከቤት ወጥተን ከጎረቤት ጋር ደጅ ላይ እንበላለን። ማን መዋጮ ከፈለ ብሎ ንፍሮ የሚከለክል የለም።

ፎቶውን አጠፋሁት። ግሩፑ ላይም «የበደልኩት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ማንኳኳት ነበረብኝ» ብዬ ጻፍኩ፤ በአደባባይ ያዋረድኩትን ሰው በጓዳ ይቅርታ ብቻ ልክሰው አልችልም። አንዳንዶች ዝም አሉ፣ አንዷ ደግሞ ሰደበችኝ። አልመለስኩላትም።

አሁን ሌሊት ውሃ ሲመጣ ከነቃሁ እወጣና አንኳኳለሁ። እትዬም «ሰማሁሽ ልጄ» ይሉኛል ከውስጥ፣ ከዚያ የባልዲው ድምፅ ይሰማል።

ያ ነገሩን ወደ ዘር የወሰደው ወንድም አራተኛ ፎቅ ነው፣ 36 ደረጃ። እሳቱን የጫርኩት እኔ ስለሆንኩ ለእሱም ዕዳ አለብኝ። ቡና ላይ ጠርቼው አልመጣም። ዛሬ ማታ እኔው ልሄድ ነው፤ በጸሎታችሁ አስቡኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።