ፍሎሮሲስ ምንድን ነው? የቡናማ ጥርስና የማዳበሪያ ፋብሪካ ነገር

ሰሞኑን ሬዲዮ ላይ አንድ ተንታኝ ስለ ጎዴው የማዳበሪያ ፋብሪካ ሲያወራ ሰማሁ። «ፋብሪካው ሥራ ይጀምር እንጂ፣ የአካባቢው ሰው ዓመት ሳይሞላው ጥርሱ እንደ ናዝሬት ሰው ቡናማ ይሆናል። ፍሎሮሲስ ይባላል» አለ። አዘጋጁም «እውነት ነው» ብሎ አለፈው። ይህን ቃል እንዲህ ሲጠቀሙበት ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። ጥርስ ሐኪም ነኝ፤ አሁንስ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ፍሎሮሲስ ማለት ፍሎራይድ (በድንጋይ፣ በውኃና በጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር) በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሰውነት ውስጥ ሲገባ በጥርስ ወይም በአጥንት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። የጥርሱ ጉዳት ግን የሚደርሰው ጥርሱ መንጋጋ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ ብቻ ነው። ሰዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። እንጀራን አስቡት። ቡሆው ውስጥ አመድ ከገባ እንጀራው አመዱን ይዞ ይጋገራል። ከምጣድ ከወጣ በኋላ ግን አመድ ቢነሰነስበት ላዩ ላይ ይቀራል እንጂ ውስጡ አይገባም። ቋሚ ጥርሶቻችን፣ መጨረሻ የሚወጡት የመንጋጋ ጥርሶች ሲቀሩ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ ተጋግረው ያልቃሉ። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ደግሞ ይቀድማሉ፤ ለእነሱ አደገኛው ጊዜ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት ነው። ስለዚህ የ30 ዓመት ሰው ነገ ፋብሪካ አጥር ሥር ቤት ቢሠራ ጥርሱን ፍሎሮሲስ አይዘውም። ቡናማ ጥርስ የሚመሰክረው ሰውዬው ዛሬ ስለሚጠጣው ሳይሆን በልጅነቱ ስለጠጣው ውኃ ነው።

እንጀራው ሌላም ነገር ያስረዳልኛል። ቡናማው ቀለም ራሱ ፍሎራይድ አይደለም። ፍሎራይድ የበዛበት ጥርስ ከድድ ሲወጣ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ከላዩ ሥር ግን ዓይኑ ብዙ ነው። እንጀራ ወጡን በዓይኑ እንደሚመጥ፣ ያ ጥርስም ከምግቡና ከሻዩ ቀለም እየመጠጠ በዓመታት ቡናማ ይሆናል። ሲብስበት ላዩ ይፈረፈራል።

እግረ መንገዴን፣ ቡናማ ጥርስ ሁሉ ፍሎሮሲስ አይደለም። ጫት አለ፣ ሲጋራ አለ፣ በልጅነት የተወሰደ ቴትራሳይክሊን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አለ፣ ተራ የጥርስ መበስበስም አለ። እኛም ብንሆን ወንበር ላይ አስቀምጠን በብርሃን ሳናይ አንፈርድም። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙናም ጠላት አይደለም። ልጁ እንዳይውጠው ብቻ ተጠንቀቁ።

ወደ ፋብሪካው ልምጣ። ስምምነቱ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የተፈረመው የጎዴው ፋብሪካ ዩሪያ የሚያመርት ነው፤ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን። ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝና ከአየር ውስጥ ናይትሮጅን ነው። ፍሎራይድ ይዞ የሚመጣ ጥሬ ዕቃ የለውም። ዩሪያው ስለሚሠራበት አሞኒያ ወይም ስለ ውኃ አጠቃቀሙ የሚጠይቅ ካለ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ይጠይቅ። የፍሎራይዱ ጣጣ ያለው ግን እንደ ዳፕ ካሉት፣ ፎስፌት ካለባቸው ማዳበሪያዎች ጋር ነው። የፎስፌት ድንጋይ ከመቶ 3 ወይም 4 እጁ ፍሎሪን ነው፤ ፍሎራይድ የሚገኘው ከእሱ ነው። ድንጋዩ በሰልፈሪክ አሲድ ሲሟሟ ከፍሎሪኑ ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ጋዙን በውኃ አጥቦ ማስቀረት ይቻላል፤ ደህና ፋብሪካ እንዲያ ያደርጋል።

ሳይታጠብ ከተለቀቀ ምን እንደሚሆን በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት ፖልክ በሚባለው አካባቢ ታይቷል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከፎስፌት ፋብሪካዎቹ የወጣው ጋዝ ሣሩ ላይ አረፈ። ቀድሞ የተጎዳው ከብቱ ነው። ላም ቀኑን ሙሉ ስትግጥ ትውላለች፤ ሣሩ ላይ ያረፈውን ሁሉ አብራ ትበላዋለች። ጥርሷ ያልቃል፣ ታነክሳለች፣ ትከሳለች፣ ወተቷ ይነጥፋል። የብርቱካን ዛፎችም ተጎዱ። እንግዲህ የፎስፌት ፋብሪካ አጠገብ ፍሎሮሲስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የጥጃ አፍ ከፍቶ ይይ። በእኛ ስምጥ ሸለቆ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ፍሎራይዱ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይገባል፣ ከጉድጓዱ ወደ እንስራው ይመጣል። የናዝሬት ሰው ጥርስ በፋብሪካ ጭስ አልመጣም።

በ2025 (እ.ኤ.አ.) መስከረምና ጥቅምት በቱኒዝያዋ ጋቤስ ተማሪዎች ከፎስፌት ፋብሪካው በወጣ ጋዝ ታፍነው ሐኪም ቤት ገብተው ነበር። ያንንም ፍሎሮሲስ ያሉት አሉ። አይደለም። ጋዝ አፍኖ በደቂቃ የሚያንቅና የሚያቃጥል ነገር የሳንባ አደጋ ነው፤ የዚያኑ ዕለት ይታከማል። ፍሎሮሲስ በዓመታት የሚጠራቀም ነው። ሁለቱን ካደባለቅናቸው ዛሬ መተንፈስ ያቃተውን ልጅ ትተን ጥርሱን ስናይ እንውላለን።

ለአዋቂ ሰው የሚያሰጋው አጥንቱ ነው። አጥንት እንደ ጥርስ አንዴ ተሠርቶ አያበቃም፣ ዕድሜ ልኩን ይታደሳል። ስለዚህ ከእንጀራው ይልቅ ቡሆ ዕቃውን ይመስላል። ቡሆው ቢወጣም እርሾው ይቀራል፤ የቀረው ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ፍሎራይድም እንዲሁ አጥንት ውስጥ እየተረፈ ይከማቻል። አጥንቱ ይወፍራል፣ ጅማቱ ይደርቃል፣ አንገትና ወገብ አልታጠፍ ይላል። ሲከፋ ነርቭ ተጭኖ እግር ይሰንፋል። በወንጂ የስኳር እርሻ የጉድጓድ ውኃ ለብዙ ዓመታት በጠጡ ሠራተኞች ላይ ይህ ተመዝግቧል። በ1932 (እ.ኤ.አ.) ኮፐንሃገን ውስጥ ክራዮላይት የሚባል ፍሎራይድ ያለው ማዕድን አቧራ ሲተነፍሱ በኖሩ ሠራተኞችም አጥንት ላይ ታይቷል። ስለ ፎስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ የምጨነቀው ለዚህ ነው። እሱ ጥርሱ ነጭ ሆኖ ወገቡ ሊያዝ ይችላል።

ባለፈው ወር አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጇን ይዛ ከዝዋይ አካባቢ መጣች። የልጁ የፊት ጥርሶች ነጭና ቡናማ ዥጉርጉር ናቸው። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። «ዶክተር፣ አፍልቼ እኮ ነው የማጠጣው» አለችኝ። ማፍላት ጀርም ይገድላል። ፍሎራይድን ግን አያስወጣም፤ ውኃው ሲተን የቀረው ላይ ይበልጥ ይወፍራል። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በዚያ አካባቢ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። ለልጁ ላዩን ማሳመር እንደሚቻል ነገርኳት። ከዚያ ጀርባዋ ላይ የተኛችውን ሕፃን አየሁ። አንድ ዓመት አልፏታል። የወተት ጥርሶቿ ገና ብቅ ብቅ እያሉ ነው፤ ከሥራቸው ግን ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች አሁን ነው የሚጋገሩት። እናቷን የጉድጓዱን ውኃ አስመርምሪ አልኳት። እስከዚያው የዝናብ ውኃ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ለይታ፣ ለሕፃኗ መጠጥና ገንፎ ብቻ እንድታደርገው ተስማማን።