ኪራይ ሰብሳቢነት ምንድን ነው? የደሴ ኮምቦልቻን ታሪፍ ይዘን እንየው

በኢህአዴግ ጊዜ በየግምገማው ኪራይ ሰብሳቢ ሲባል ጉቦ የበላ ማለት ነበር የሚመስለን፣ ኢኮኖሚስቶቹ ግን አዲስ ሀብት ሳይፈጥሩ በፈቃድ ወይም በብቸኝነት መብት የሚገኝ ጥቅምን ለማግኘት መሯሯጥ ነው፣ ጉቦ ባይኖርም፣ ሁሉም በህግ ቢሄድም ይኖራል ነው የሚሉት።

እንበልና ከደሴ ኮምቦልቻ የሚጭነው አንድ ማህበር ብቻ ሆነ፣ ሌላ መኪና መናኸሪያ ድርሽ አይልም። ተፎካካሪ የለማ፣ ታሪፉ ላይ 5 ብር ጣል አረገበት። በቀን 1,000 ሰው ቢሳፈር 5,000 ብር ነው፣ በአመት 1.8 ሚሊዮን አካባቢ። ብሩ ከተሳፋሪው ኪስ ወደ ማህበሩ ዞረ እንጂ የት ሄደ የሚል ይኖራል። ጎርደን ተሎክ የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በ1967 እ.ኤ.አ. የጠየቀው ይሄንኑ ነው፣ ማህበሩ ይቺን 1.8 ሚሊዮን ላለማጣት ስንት ያወጣል? ጠበቃ አለ፣ ጉዳይ አስፈጻሚ አለ፣ ግብዣ አለ፣ ከቢሮ ቢሮ መመላለስ አለ፣ ልግባ የሚለው ሌላ ማህበርም በበኩሉ ያንኑ ያህል ይረጫል፣ ወላሂ በዚህ ሁሉ ወጪ መንገዱ ላይ አንዲት ወንበር እንኳ አልተጨመረችም። የባከነው እሱ ነው። አን ክሩገር የምትባል ኢኮኖሚስት ደሞ በ1974 የህንድን የማስመጫ ፈቃድና ሌሎች የመንግስት ቁጥጥሮች አስልታ፣ ሰው የሚሻማበት ጥቅም በ1964 ከአገሪቱ ገቢ 7.3 በመቶ ይሆናል ብላለች፣ ቀላል አይደለም።

መንግስት ዋጋ ይተምን ከተባለ ደሞ ሽኩቻው ወደ ተማኙ በር ይዞራል። የጎማውን የመለዋወጫውን ሂሳብ ይዞ የሚመጣው ማህበሩ ራሱ ነው፣ ትክክለኛውን ወጪ የሚያውቀውም እሱ፣ ታሪፉ ወጪ ሲደመር ትርፍ ከሆነ ደሞ ለምን ብሎ ይቆጥባል? ተሳፋሪው ለ5 ብር ብሎ ስራውን ፈቶ ቢሮ አይሰለፍም። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ስቲግለር በ1971 ቁጥጥሩን ብዙ ጊዜ የሚወስደው ቁጥጥር የሚደረግበት ራሱ ነው ያለው ለዚህ ነው።

እኔ ፈቃዱ በግልጽ ጨረታ ይሸጥ ባይ ነኝ። በ2021 ሳፋሪኮም የሚመራው ቡድን ለቴሌኮም ፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር አቀረበ፣ እንዲህ ሲሆን ቢያንስ ብሩ በግብዣና በደጅ ጥናት ከሚያልቅ መንግስት ካዝና ይገባል። ግን ያን ያህል የከፈለ ሁሉ ነገ ሌላ እንዳይገባብኝ ብሎ ባለስልጣን ለማግባባት መሯሯጡ አይቀርም፣ ስለዚህ ለስንት አመት ብቻውን እንደሚሰራ ከጨረታው በፊት ተጽፎ ቢያልቅ ይሻላል።