ወይ ጌጥ፣ ወይ ተአምር፦ ስለ ፓርስሊ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ፓርስሊን ብዙዎቻችን የምናውቀው ሳህን ጠርዝ ላይ ነው። ዓሣው ይበላል፣ ድንቹ ይበላል፣ እሱ ግን እንደተሰካ ወደ ማጠቢያው ይመለሳል። ስልካችንን ስንከፍት ደግሞ ኩላሊት አጣቢ፣ ደም አጥሪ፣ ቦርጭ አጥፊ ሆኖ እናገኘዋለን። ወይ ጌጥ ነው፣ ወይ ተአምር ነው። ዝም ብሎ የሚጣፍጥ ቅጠል መሆኑን የሚነግረን ጠፋ።

ፐርሰሜሎ የምትሉትም እሱኑ ነው። እኔ ለዓመታት ዘርቼዋለሁ፣ ከትፌዋለሁ፣ በሁለቱም ተሳስቻለሁ። ከራሴም ከሰውም የሰበሰብኳቸው ስህተቶች እነሆ።

«ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ዘሩ ሞቷል»

መጀመሪያ የዘራሁ ጊዜ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አፈሩን አያለሁ። አንድ ሳምንት ምንም የለም። ሁለተኛውም ምንም። ተናደድኩና እዚያው አፈር ላይ የሰላጣ ዘር በተንኩበት። ሰላጣው በቀናት ውስጥ ብቅ አለ። ትንሽ ቆይቶ በሰላጣው መሐል ቀጫጭን ነገሮች መውጣት ጀመሩ። አረም መሰሉኝና መንቀል ያዝኩ። ግማሹን ከነቀልኩ በኋላ አንዷን ቀረብ አድርጌ ሳያት፣ ከጠባቦቹ ሁለት ቅጠሎች መሐል ሦስት ጣት የመሰለች ጥርሳም ቅጠል ልትዘረጋ ስትል አየሁ። ፓርስሊ! በገዛ እጄ ነቅዬው።

የፓርስሊ ዘር ለመብቀል አብዛኛውን ጊዜ ሦስትና አራት ሳምንት ይወስዳል። አፈሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ስንፍና አይደለም፣ ምክንያት አለው። ዘሩ ውስጥ ያለው ፅንስ በጣም ትንሽ ነው፤ ልጣጩን ሰብሮ ከመውጣቱ በፊት እዚያው ውስጥ ማደግ አለበት። ልጣጩ ላይ ደግሞ ብቅለትን የሚያዘገዩ ንጥረ ነገሮች አሉ። የቅርብ ዘመዶቹ ካሮትና ሰለሪም ቢሆኑ ቶሎ ቶሎ የሚበቅሉ አይደሉም። የድሮ እንግሊዞች «የፓርስሊ ዘር ከመብቀሉ በፊት ሰይጣን ጋ ዘጠኝ ጊዜ ደርሶ ይመለሳል» ይሉ ነበር። የጠበቀ ሰው ተረት መሆኑ ያስታውቃል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዘሩን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ ማሳደር ነው። ጠዋት ውኃውን ድፉት፣ አብራችሁ ወደ አፈሩ አትጨምሩት፤ ከልጣጩ የለቀቀው ነገር እሱ ውስጥ ነው። ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል አፈር አልብሱት። ከዚያ ዋናው ሥራ አፈሩ እንዳይደርቅ መጠበቅ ነው። እኔ እርጥብ ጨርቅ ጣል አደርግበታለሁ፣ በየቀኑ ገለጥ አድርጌ አያለሁ፣ የመጀመሪያዋ አረንጓዴ ስትታይ ጨርቁን አነሳለሁ። በአራት ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ድርቅ ካለ፣ መንቃት የጀመረው ዘር እዚያው ይቀራል። ብዙ ጊዜ «የሞተ ዘር ሸጡኝ» የምንለው እኛው ገድለነው ነው።

እውነትም የሚሞት ዘር አለ፣ አልክድም። የፓርስሊ ዘር እንደ ባቄላና ቲማቲም ዘር ዓመታት አይቀመጥም። መሳቢያ ውስጥ ሦስት ዓመት የከረመ ፓኬት ካላችሁ ብዙ አትጠብቁበት።

«ትንሽ ነገር ነው፣ በቆርቆሮም ይበቅላል»

ይበቅላል። ግን አይሰነብትም። ከላይ ሲያዩት ለስላሳ ቅጠል ነው፤ ከታች ግን እንደ ካሮት ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሥር አለው። የምትተክሉበት ዕቃ ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይኑረው፣ ከሥሩም ውኃ ማውጫ ቀዳዳ። ማጠሩ ብቻ ሳይሆን መዘፍዘፉም ይገድለዋል፦ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን «ውኃ አነሰው» ብለን እንጨምራለን፣ ሥሩ ግን ቀድሞ መበስበስ ጀምሯል። ውኃ ከመጨመራችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ።

ረጅሙ ሥሩ ስላለ «ፓርስሊ ጨርሶ አይነቀልም፣ አይዛወርም» የሚሉም አሉ። ይኼም ተጋነነ። ገና ሁለት ሦስት ጥርሳም ቅጠል ሲያወጣ ከነአፈሩ ቀስ ብላችሁ ካነሳችሁት ይያዛል። አድጎ ሥሩ ከወረደ በኋላ ነው የሚያኮርፈው።

ፀሐይን በተመለከተ ብዙ አይጨቃጨቅም። ቀኑን ሙሉ የሚጠብስ ቦታ ካላችሁ ከሰዓት በኋላ ጥላ ቢያገኝ ደስ ይለዋል።

«እንደ ፀጉር ከላይ ከላይ ይከረከማል»

በጣም የተለመደው ስህተት ይኼ ነው። መቀሱ ይመጣል፣ ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል፣ ግንዱ ራሰ በራ ሆኖ ይቀራል። የተቆረጠው ግንድ ደግሞ ጫፉ ላይ አዲስ ቅጠል አያወጣም፤ ቢጫ ሆኖ ይደርቃል።

ተክሉን ጠጋ ብላችሁ እዩት። መሐሉ ላይ፣ አፈሩ አጠገብ፣ እንደ ሕፃን ጡጫ የተጨበጡ ፈዛዛ አረንጓዴ ቅጠሎች አሉ። አዲሱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ዳር ዳር ያሉት ረዣዥሞቹ ታላላቆቹ ናቸው። ስለዚህ የዳሩን ያዙና ከአፈሩ ጣት ሲቀረው ከነግንዱ ቁረጡ። መሐሉን አትንኩት። እንዲህ ከቆረጣችሁት አንዱ ተክል ለወራት ይሰጣል።

«አበበልኝ» ብሎ መደሰትም አለ። ፓርስሊ የሁለት ዓመት ተክል ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ይሰጣል፣ በሁለተኛው ዓመት ረጅም ግንድ መዝዞ ያብባል፣ ዘር ያፈራል፣ ይሞታል። ግንዱን ሲመዝ ቅጠሉ እየጠነከረና እየመረረ ይሄዳል። አበባው የስንብት ነው። የሚሻለው አንዱን ለዘር ትቶ ሌላ ቀድሞ መዝራት ነው፤ እንደምታውቁት የአዲሱ ዘር ጉዞ ሩቅ ነው።

«የተጠቀለለው ለጌጥ፣ ዝርጉ ለምግብ»

ፓርስሊ ቅጠሉ የተጠቀለለም ዝርግም አለ። ዝርጉ በአብዛኛው ጠንከር ያለ ጣዕም አለው፣ እውነት ነው። የተጠቀለለው ግን ባዶ ሣር አይደለም። በደንብ ታጥቦ ደቅቆ ሲከተፍ ስፕሪንግ እንዳለው ነገር ቀለል ብሎ ይቀመጣል፤ እንደ ዝርጉ ተጣብቆ አይተኛም። ድንች ላይ ለመነስነስ እኔ እሱን ነው የምመርጠው። በነገራችን ላይ ሦስተኛ ዓይነትም አለ፦ ለሥሩ የሚተከል። ሥሩ ነጭ ካሮት ይመስላል፣ በመካከለኛውና በምሥራቅ አውሮፓ ሾርባ ውስጥ ይገባል።

ከዝርጉ ጋር የሚመጣው ትልቁ መምታታት ከድንብላል ቅጠል ጋር ነው። ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። የፓርስሊ ቅጠል ጫፉ ሾል ያለ ነው፣ የድንብላሉ ክብ ይላል። ዓይን ከተምታታበት አፍንጫ ይፈርዳል፦ አንዷን ቅጠል በጣት አሽታችሁ አሽትቱ። ድንብላሉ ወዲያው ይታወቃል፤ ለአንዳንድ ሰው እንዲያውም ሳሙና ሳሙና ይሸተዋል።

የዚህ ቤተሰብ ሌላ ዘመድ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ሄምሎክ የሚባለው መርዛም ተክል ቅጠሉ ፓርስሊ ይመስላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 የግሪኩን ፈላስፋ ሶቅራጥስን የገደለው መርዝ ከእሱ እንደተሠራ ይታመናል። ሜዳ ላይ ያገኛችሁትን «ፓርስሊ ይመስለኛል» ብላችሁ አትቅመሱ።

«ኩላሊት ያጥባል»

አክስቴ ፓርስሊ ቀቅላ መጠጣት የጀመረችው ከስልክ በተላከላት ቪዲዮ ነው። አንድ ጭብጥ ቅጠል፣ አንድ ሊትር ውኃ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ። ቅጠሉን ደግሞ ፈጭታ ከሎሚ ጋር ትጠጣለች። «ልጄ፣ ሽንቴ ጠራልኝ እኮ» አለችኝ። አንድ ሊትር ውኃ ጠጥቶ ሽንቱ የማይጠራ ማን አለ?

«አክስቴ፣ የደም ማቅጠኛውን ለሚከታተሉልሽ ሐኪም ነግረሻል?» አልኳት።

«ቅጠል ነው፣ ምን ይነገራል?»

እሺ፣ አንድ በአንድ እንየው። ኩላሊት በሳሙና እንደሚፈተግ ድስት ቆሻሻ አይዝም። እሱ ራሱ ነው የሚያጣራው፤ ሥራውንም ያለ ፓርስሊ ሌት ተቀን ይሠራል። ፓርስሊ ሽንት ሊያበዛ ይችላል፣ ይኼ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። ሽንት መብዛትና ኩላሊት መታጠብ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ጭራሽ ሊጎዳ የሚችልባቸው ሰዎች አሉ። ፓርስሊ ውስጥ ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ብዙው የኩላሊት ጠጠር የሚሠራው ከካልሲየምና ከኦክሳሌት ነው። ጠጠር ላለበት ሰው በየቀኑ ጭብጥ ጭብጥ የፓርስሊ ጭማቂ መጋበዝ ግራ የገባው ሕክምና ነው። ፖታሲየምም አለው፤ ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ደግሞ ፖታሲየም እንዲቀንሱ ብዙ ጊዜ ይታዘዛሉ። «ለኩላሊት ጥሩ ነው» የተባለው ነገር የኩላሊት ሕመምተኛውን ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው።

የአክስቴ ጉዳይ ግን ቫይታሚን ኬ ነው። 100 ግራም ጥሬ ፓርስሊ 1,640 ማይክሮግራም ገደማ ቫይታሚን ኬ አለው። ለአንድ ጎልማሳ በቀን የሚመከረው 90 እስከ 120 ነው። 10 ግራም ቅጠል፣ ማለትም ሁለት ተኩል የሾርባ ማንኪያ ክትፍ፣ የቀኑን ይሞላል። ይህ ቫይታሚን ደም እንዲረጋ ይረዳል፤ አክስቴ የምትውጠው ዋርፋሪን ደግሞ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርገው በዚሁ ቫይታሚን ሥራ ላይ ጣልቃ እየገባ ነው። ጠዋት የፈጨችውን ስትጠጣ፣ ማታ የምትውጠውን ክኒን እየተሟገተችው ነበር። ሐኪሟ ሲሰማ «ተይው» ብቻ አላላትም። ቅጠላ ቅጠሉን ጨርሳ እንዳትተው፣ ነገር ግን መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እንዳይዋዥቅ ነገራት። ዛሬ ሰላጣዋ ላይ ትነሰንሳለች፣ ጭማቂው ቀርቷል፣ ቪዲዮውን ግን አሁንም ለሰው ትልካለች።

ለነፍሰ ጡርም እንዲሁ መጠን ነው ቁም ነገሩ። ወጥ ላይ የተነሰነሰ ፓርስሊ አያስፈራም። የዘሩ ዘይትና የበዛ መጠን ግን መነካት የለበትም፤ አፒዮል የሚባል ማሕፀን የሚያኮማትር ንጥረ ነገር አለው፣ ድሮ ለማስወረድ የወሰዱት ሴቶች ተመርዘውበታል።

«ብረት የሞላበት ነው» ለሚለው፦ በ100 ግራም 6 ሚሊግራም ገደማ ብረት አለው፣ ለቅጠል ጥሩ ነው። ግን 100 ግራም ማን ይበላል? አንድ የሾርባ ማንኪያ ክትፍ አራት ግራም አይሞላም። ለደም ማነስ በእሱ መተማመን አያዋጣም። ነጭ ሽንኩርት በልቶ ፓርስሊ ማኘክም ትንሽ ይረዳል እንጂ አይገላግልም፤ ሽታው በከፊል ደም ውስጥ ገብቶ በሳንባ በኩል ነው የሚወጣው።

«ግንዱን ጣለው»

አይጣል! ቀጫጭኑ ግንድ ከቅጠሉ ጋር ደቅቆ ይከተፋል፣ ማንም አያውቅባችሁም። ወፍራሙን በክር አስራችሁ ሾርባ ወይም መረቅ ውስጥ ጣሉት፣ ስታወጡ አውጡት። ግንዱ እሳት ይችላል። ቅጠሉ ነው የማይችለው፦ ድስቱ ሲጣድ የገባ ቅጠል ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚቀረው ቀለሙ የደበዘዘ ሣር ነው። ግንዱ መጀመሪያ፣ ቅጠሉ ድስቱ ሊወርድ ሲል።

የደረቀው ፓርስሊም ትኩሱን ይተካል ብላችሁ አትቁጠሩ። ኦሬጋኖ ሲደርቅ ሽታው ይቀራል፤ የፓርስሊ ሽታ ግን ሲደርቅ አብሮ ይጠፋል፣ የሚቀረው አረንጓዴ ብናኝ ነው።

ቅጠሉ ጌጥ ብቻ ነው ብሎ ለሚያምን ደግሞ ታቡሌን አሳዩት። የሊባኖስና የሶርያ ሰዎች በሚሠሩት ታቡሌ በሚባለው ሰላጣ ዋናው ፓርስሊ ነው፤ ቡርጉሉ፣ ማለትም ተቀቅሎ የተከካው ስንዴ፣ ጣል የሚደረግ ነገር ነው። የአርጀንቲና ሰዎች ከነጭ ሽንኩርት፣ ከኮምጣጤና ከዘይት ጋር ቺሚቹሪ የሚባል ማባያ አድርገው የተጠበሰ ሥጋ ላይ ያፈሱታል።

አንድ ነገር ግን ሁሉም ጋ ይሠራል፦ ከመክተፋችሁ በፊት ይድረቅ። ታጥቦ ውኃው ሳይንጠፈጠፍ የተከተፈ ፓርስሊ ቢላዋ ላይ ይጣበቃል፣ መክተፊያው አረንጓዴ ውኃ ያለቅሳል፣ ጣዕሙም ከውኃው ጋር ይሄዳል። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አራግፉት። ቢላዋው ስል ይሁን፣ አንድ ሁለቴ ይከተፍ፣ ይብቃ። ያልተከተፈውን እንደ አበባ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አቁሙት፣ ፌስታል ደፋ አድርጉበትና ፍሪጅ ክተቱት፤ ሳምንት ያልፋል። የተረፈውን ክትፍ በዘይት ለውሳችሁ የበረዶ ማስቀመጫው ላይ አፍስሱት። የቸኮላችሁ ማታ አንዷን እብጥ ያለች አረንጓዴ በረዶ ፓስታው ላይ ጣል ማድረግ ነው።