አትክልትን «ፖታሲየም ማስለቀቅ» ምንድን ነው?

«ድንቹን ማታ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ፖታሲየሙን ለቆ ታገኙታላችሁ።» ኩላሊት ሲደክም ፖታሲየም ደም ውስጥ ስለሚከማች፣ ይህን ምክር ለኩላሊት ታማሚዎች ሲሰጥ ስንቴ እንደሰማሁ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ሰው በሬዲዮ እርግጠኛ ሆኖ ተናገረው። ወንድሜ፣ አይለቅም።

የምናደደው ምክሩን አምነው የሚጎዱ ሰዎችን ስለማይ ነው። አንዲት እናት ተመርምረው ፖታሲየማቸው 6.1 ሆኖ መጣ። ጤናማው ከ3.5 እስከ 5 ገደማ ነው። «እኔ እኮ ዘፍዝፌ ነው የምበላው» አሉኝ። ልጃቸው ሳህኑን በስልኳ አንስታ ኖሮ አሳየችኝ። አራት ድንች፣ ሙሉ ሙሉውን፣ ከነልጣጩ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ። ጠዋት ያው ድንች ተልጦ ወጥ ውስጥ ይገባል፤ መረቁም በእንጀራ ተጠርጎ ያልቃል።

ቡናን አስቡ። ፍሬውን ሳትወቅጡ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብታሳድሩት ቡና ይወጣዋል? መወቀጥ አለበት፣ መፍላትም አለበት። ፖታሲየምም ያለው በአትክልቱ ሕዋሶች ውስጥ ነው፤ እነሱን የሚከፍታቸው ደግሞ ሙቀት ነው። በትንንሹ መክተፍ ማለት መውቀጥ ነው። የመጀመሪያው ቅቅል ውሃ አቦሉ ነው። ብዙው ፖታሲየም እዚያ ውስጥ ይወጣል፤ ይደፋል። በአዲስ ውሃ ድጋሚ መቀቀል ቶናው ነው፤ እሱም ይደፋል። በረካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። እኛ የምንበላው አተላውን ነው። ድንቹን ወጥ ውስጥ አብስለን ከነመረቁ ስንበላው ግን አቦሉን ጠጣነው ማለት ነው።

በ2008 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የታተመ የድንች ሙከራ ይህንኑ ነው ያሳየው። ማታ ተዘፍዝፎ ያደረው ድንች ፖታሲየሙ ብዙም አልቀነሰም። ተከትፎ የተቀቀለው ግማሽ ያህሉን አጣ። ተፈቅፍቆ የተቀቀለው ደግሞ ወደ ሦስት አራተኛው። ድስቱ ሰፊ፣ ውሃው ብዙ ይሁን።

ግን ይህን የኩላሊት ታማሚ ሁሉ ማድረግ አለበት ማለት አይደለም። ፖታሲየማችሁ ደህና ከሆነ ውሃ መድፋት ፎሌት የተባለውን ቫይታሚንና ቫይታሚን ሲን በከንቱ ማፍሰስ ነው። ውጤቱ በድንገት ከፍ ካለ መጀመሪያ ምርመራው ይደገም እላለሁ። ደሙ ሲቀዳ ሕዋሶቹ ከፈረሱ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ይወጣል። ድጋሚ ከፍ ብሎ ከመጣ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ምንም ሳያሳምም ልብ ሊያቆም ስለሚችል ሐኪም ጋ ሳትዘገዩ ሂዱ። ለግፊት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ፖታሲየም ይጨምራሉ። ይህንን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት እንጂ በራሳችሁ አታቁሙ።

«እንግዲያው አትክልቱን ጭራሽ ልተወው» የሚሉም አሉ። እሱም ይጎዳል። ኩላሊት ሲደክም የተወሰነውን ፖታሲየም አንጀት ያስወጣል። የአትክልቱ ቃጫ (ፋይበር) ከጠፋና ሆድ ከደረቀ ያ መውጫም ይጠባል። ደግሞ አትክልት ሁሉ አንድ አይደለም። 100 ግራም ጥሬ ድንች ውስጥ ወደ 420 ሚሊግራም ፖታሲየም አለ፤ ጥቅል ጎመን ውስጥ ወደ 170 ብቻ። ቆስጣ ለድንች ይቀርባል። ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ቆስጣና ጎመንን አንድ ቀን በብዛት፣ ሌላ ቀን ባዶ አታድርጉ፤ መጠኑ የተመጣጠነ ይሁን።

እኚያ እናት አሁን ድንቹን ልጠው፣ በትንንሹ ከትፈው ሁለቴ ይቀቅሉታል። ከዚያ በነጭ ሽንኩርትና በትንሽ ዘይት ጠበስ ያደርጉታል። አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። ልጃቸው እንዲጣፍጥላቸው ብላ መጨረሻ ላይ የቲማቲም ድልህ ትጨምርበታለች። 100 ግራም ድልህ ውስጥ ወደ 1000 ሚሊግራም ፖታሲየም አለ። ሶዲየም የለውም ተብሎ የሚሸጠው «የጤና ጨው»ም ብዙውን ጊዜ ራሱ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ሁለቱንም ከማድ ቤት እንድታወጣ ነገርኳት።