ስለ ኤልኤስዲ «ወረቀት» የሚወራውና እውነታው

ደብረ ብርሃን ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ወጣቶች ሲመጡ ጨዋታ ይነሳል፤ አንዳንዴም ስለ ኤልኤስዲ ይጠይቁኛል፤ ትንሽ ወረቀት ላይ ተደርጎ የሚሸጥ፣ ቅዠት የሚያሳይ አደንዛዥ ነገር ነው። እዚህ የምናውቀው ጫት፣ ሲጋራና አረቄ ነው። ኤልኤስዲን ልጆቹ የሚያውቁት ስልካቸው ላይ ካዩት ቪዲዮ ነው። ስለዚህ ከእውነቱ ጋር ብዙ ስህተት ተቀላቅሎ ደርሷቸዋል። የሰማሁትን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ከፈንገስ ስለሚሠራ ተፈጥሯዊ ነው፤ አይጎዳም።»

መነሻው ፈንገስ መሆኑ ልክ ነው። እህል ዛላ ላይ በፍሬው ቦታ የሚያድግ፣ ጠቆር ያለ፣ የአይጥ ኩስ የሚመስል ነገር ነው። ግን ፈንገሱ ራሱ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 እና 78 ወሎ ውስጥ፣ በ2001 ደግሞ አርሲ ውስጥ በዚህ ፈንገስ የተበከለ እህል የበሉ ሰዎች እግራቸው በስብሶባቸዋል። የደም ሥርን ስለሚያጠብ ነው። ገብስ ለምንበላ ለእኛ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

ኤልኤስዲ ደግሞ ከዚያ ፈንገስ የሚገኘውን አሲድ ይዞ በላቦራቶሪ የተሠራ ሌላ ነገር ነው። አልበርት ሆፍማን የተባለ ኬሚስት ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1938 ሠራው። ምን እንደሚያደርግ ያወቀው ግን ከ5 ዓመት በኋላ፣ በስህተት ወደ ሰውነቱ ገብቶ ነው።

«ወረቀቱ ላይ ያለው ኤልኤስዲ ነው።»

እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። የተለመደው የኤልኤስዲ መጠን 100 ማይክሮግራም አካባቢ ነው። አንድ ግራም ለአሥር ሺህ ሲካፈል ማለት ነው። በዓይን አይታይም፤ ወረቀት ላይ ጠብ ተደርጎ ይደርቃል። ታዲያ ምን ጠብ እንደተደረገበት በምን ታውቃላችሁ? ሻጩም ላያውቀው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በርሊን ውስጥ ለአንጎል ምርምር ተብሎ የተሠራ 25አይ-ኤንቦም የሚባል ኬሚካል አለ። በተለያዩ አገሮች ይህን ወረቀት ላይ አድርገው «ኤልኤስዲ ነው» ብለው ሸጠውታል። ሰውነትን ያግላል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ልብን ያስጨንቃል። የሞቱበት ወጣቶች አሉ። ጣዕሙ ብዙ ጊዜ መራራ ነው፣ ምላስም ያደነዝዛል። አልመረረም ማለት ግን ሌላ ነገር የለበትም ማለት አይደለም።

«ንጹሑ ኤልኤስዲ ሱስ አያስይዝም፣ አይገድልም። ስለዚህ ምን ችግር አለው?»

ግማሹ እውነት ነው፤ ልክ ያልሆነውን ልሸፍን ብዬ እውነቱን አልክድም። እንደ አረቄ ሰውነትን ሱሰኛ አያደርግም። በራሱ መርዝነት መሞትም በጣም ብርቅ ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አንዴ ከገባ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይቆያል፤ በቃኝ ብሎ ማቆም የለም። ድንጋጤ ከያዛችሁ ድንጋጤው አብሯችሁ ይውላል። ርቀትና ከፍታ ይዛባል። ጣርማ በር ገደሉ አፋፍ ላይ እንዲህ ሆኖ የቆመ ልጅ አስቡ። ቤተሰቡ ውስጥ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ተኝቶ የነበረው ሕመም ሊነሳበት ይችላል። አንዳንዱ ላይ የዓይን ብዥታውና ቅዠቱ ለወራት ይቀራል።

«ወተት ያረክሰዋል።»

አያረክሰውም። በአፍ ሽፋን በኩል ወደ ደም ይገባል፤ ወተት አይመልሰውም። እየተንቀጠቀጠ ላለ ሰው ወተት ማጠጣት ደግሞ ያንቀዋል።

«ሕጉ አያውቀውም፤ ሀሺሽ ብቻ ነው የተከለከለው።»

ያውቀዋል። ኤልኤስዲ እ.ኤ.አ. የ1971ዱ የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ በሚባለው አንደኛ ሰንጠረዥ ውስጥ አለ። ኤንቦሙም በ2015 ተጨምሯል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1980 ተቀብላለች። በእኛ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ደግሞ መሥራትና መሸጥን ብቻ ሳይሆን መጠቀምንም ይቀጣል።

«ጋኔን ነው፤ እሰሩት።»

እባካችሁ አትሰሩት። የታሰረ ሰው ይታገላል፤ ሲታገል ሰውነቱ ይበልጥ ይግላል፣ ጡንቻውም ይጎዳል። ልጁ ደንግጦ ከሆነ ጸጥ ያለ ክፍል አስገቡት፣ መብራቱን ቀንሱ። የሚያምነው ሰው አጠገቡ ይቀመጥና «የወሰድከው ነገር ነው፣ ያልፋል» ይበለው። ብቻውን አትተዉት። ካተኮሰው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙትና ሳትዘገዩ ሆስፒታል ውሰዱት። ጸበሉ አይከለከልም፤ መጀመሪያ ግን ሐኪም ይየው። የተረፈ ወረቀት ካለ ይዛችሁ ሂዱ። የወሰደውንም፣ የወሰደበትን ሰዓትም ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩት።